መሬት መሬት ያየሁበት ክረምት

ድምፅ ልሰጥ የሄድኩበት የምርጫ ጣቢያ የድሮ ትምህርት ቤቴ ሆኖ ጠበቀኝ። አድራሻዬን ከእናቴ ቤት ስላላዛወርኩ ኢየሩሳሌም ወዳለው የልጅነት ሰፈሬ፣ ወደ ኔቬ ያዕቆብ መመለስ ነበረብኝ። የምርጫ ቀን ስለሆነ ልጆቹ የሉም፤ ሽታቸው ግን ኮሪደሩን ሞልቶታል። ዝናብ የመታው ካፖርት ይሸታል፣ በበረኪና የታጠበ ወለል ይሸታል፣ ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ደግሞ መንደሪን ይልጣል። ሦስቱ አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገቡ ስምንት ዓመት ሆነኝ።

ወረፋው የሚያልቅ አይመስልም። በሩ አጠገብ ከተደረደሩት የልጆች ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ክፍሉን ወዲያው አወቅኩት፤ ሁለተኛ ክፍል የተማርኩበት ነው። ያኔ ጣሪያ የሚነካ ይመስለኝ የነበረው መስኮት አሁን ደረቴ ጋ ነው።

ሰው ሁሉ በልቡ የሚጫወተው አንድ ጨዋታ ያለ ይመስለኛል። የዛሬን አእምሮ ይዞ የልጅነት ወንበር ላይ መልሶ መቀመጥ ነው ጨዋታው። ሌላው ሰው ፈተናውን ሁሉ ይደፍናል፣ ሲያስቸግረው የኖረውን ልጅ በነገር ወግቶ አፉን ያስይዘዋል። እኔ ብዙ አልመኝም። መምህርቴ «ስንዱ፣ እዪኝ» ስትለኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ መመለስ ነው የምፈልገው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት አፌ ውስጥ ሳገላብጣት ኖሬአለሁ።

መምህርቴን ሞራ ሪና እንላት ነበር፤ በዕብራይስጥ መምህርት የምትጠራው እንደዚያ ነው። ዕብራይስጡ አልከበደኝም። ወደዚህ አገር ስንመጣ ገና በእናቴ ጀርባ ላይ ስለነበርኩ ከአማርኛው እኩል ነው አብሮኝ ያደገው። ማንበብም ቢሆን ከብዙዎቹ ልጆች ቀድሜ ነው የያዝኩት። አያቴ አባባ ታከለ አውቶቡስ በተሳፈርን ቁጥር «ይኸስ ምን ይላል?» እያሉ የሱቁን ሁሉ ስም ያስነብቡኝ ነበር። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። እኔ ሳነብ ግን ልክ መሆኔን አጣርተው እንደሚያውቁ ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ችግሩ ዓይኔ ነበር። እኛ ቤት ልጅ ትልቅ ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት ያያል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረኝም። አንድ ቀን እናቴን ቀና ብዬ እያየሁ መልስ ስሰጣት «ምነው አፈጠጥሽብኝ?» አለችኝ፤ በቃ፣ ትምህርቱ ያ ነበር።

ለሞራ ሪና ደግሞ ይብስብኝ ነበር። በዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ ርዕሰ መምህሩንም ድመቱንም አንተ ነው የሚሉት። እናቴን የምታክል ሴት አንቺ ማለት አፌ ላይ ይተናነቀኝ ነበር። ስለዚህ በቃል ያጎደልኩባትን አክብሮት በዓይን ልሙላ ብዬ፣ ለቤት ሰው ከማደርገው የበለጠ አንገቴን እደፋላታለሁ። ድምፄንም እስኪጠፋ ዝቅ አደርግላታለሁ። የጫማዋን ክር አስተሳሰር እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

«ስንዱ፣ እዪኝ» ትላለች። የባሰ አቀረቅራለሁ። «እየሰማሽኝ ነው?» እሰማለሁ፤ ግን ከንፈሬ ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ። «መልሱን ታውቂዋለሽ?» ለጫማዋ እነግረዋለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ። ሞራ ሪና ክፉ ሴት አልነበረችም። ልጆቹ ሲስቁብኝ ለእኔ ተቆርቁራ ጠረጴዛውን በእጇ ትመታ ነበር። እኔ ግን በእኔ የተናደደች ይመስለኝና ይቅርታ ለመጠየቅ አንገቴን ጨርሼ እቀብረዋለሁ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ዓይኔ ነው። ልጅቱ ሰሌዳውን አታይ ይሆናል ተብሎ ለእናቴ ተደወለ። እናቴ ሆቴል ውስጥ በፈረቃ ትሠራ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ደቡብ፣ ግንባታ ላይ ነው የሚውል የሚያድር። እኔን ከሐኪም ሐኪም ማመላለስ የአባባ ሥራ ሆነ። የዓይን ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እስከ መጨረሻው መስመር አስነበበኝ፤ ከመስመሩ በታች በደቃቁ የተጻፈውን የማተሚያ ቤት ስምም ጨምሬ አነበብኩለት። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ግን መነጽር እንደማላገኝ ሲገባኝ አለቀስኩ። ከመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ሐምራዊውን መርጬ ጨርሼ ነበር።

ቀጥሎ ጆሮዬ ተጠረጠረ። ጆሮ ላይ የሚደፋ ነገር አድርገውልኝ ትንሽ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄን እንዳነሣ ነገሩኝ። አባባም አብረውኝ እጃቸውን እያነሡ ረዱኝ፤ እሳቸው ምንም እንደማይሰሙ ግልጽ ነበር። ጆሮዬም ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ።

«እግዚሃር ይመስገን፣ ምንም የጎደላት ነገር የለ» አሉ አባባ ደረጃውን ስንወርድ። ደስ ብሏቸው ነበር። ጤነኛ በሆንኩ ቁጥር ነገሬ እየከፋ እንደሚሄድ ሁለታችንም አላወቅንም።

ሐኪሞቹ ያሉት ከነቢያት ጎዳና አቅራቢያ ስለነበር፣ ሲያበቃ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና እንታጠፋለን። ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ረጅም የድንጋይ አጥር ነው። መሐል ላይ የኢትዮጵያውያን ገዳም በር ይገኛል፤ ክፍት ሲሆን ክቡ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። የመንገዱን ስም ያነበብኩት እኔ ነኝ።

«ኢትዮጵያ ይላል» አልኳቸው።

«ይበል እንጅ» አሉ አባባ።

እኔ ግን ትልቅ ነገር ነው የተገለጠልኝ። እቤት ሰዎቹ ሁሌ «ኢትዮጵያ እያለን» የሚሉት ቦታ እዚህ ነው ማለት ነው! ነጠላ ያጣፉ መነኮሳይያት ይገባሉ ይወጣሉ፣ ከአጥሩ ወዲያ አማርኛ ይሰማል። የገረመኝ፣ በአውቶቡስ የሚደረስበትን አገር እያነሡ ለምን እንደሚያለቅሱ ነው። አባባ ቤተ እስራኤል ስለሆኑ የቤተ ክርስቲያን ግቢ አይገቡም፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። እኔ ግን ጥለውት የወጡት አገር ተመልሰው ለመግባት አፍረው ነው ብዬ ደምድሜ ነበር፣ አዘንኩላቸውም።

እሳቸው ባይገቡም አባ ኪዳኔ ይወጡላቸው ነበር። አባ ኪዳኔ የገዳሙ መነኩሴ ናቸው። ደምቢያ ነው የተወለዱት፤ የአባባ ቀዬ የወንዙ ማዶ ነው። ሲገናኙ አይጨባበጡም። ራቅ ራቅ ብለው ቆመው ከወገባቸው ጎንበስ ይላሉ።

«እንደምን ሰነበቱ?»

«እግዚሃር ይመስገን። እርሰዎ ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ፣ ይመስገን። ልጅቱስ?»

ሰላምታው ሲያልቅ አጥሩ ሥር ያለው የድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጣሉ፣ መሐላቸው አንድ ሰው የሚበቃበት ቦታ ትተው። ለእኔ ብለው የተዉልኝ ስለመሰለኝ እዚያ ገብቼ እቀመጥና አባባ ከኪሳቸው ያወጡልኝን መንደሪን እልጣለሁ። እነሱ በላዬ ላይ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለሞቱና ስላልሞቱ ሰዎች ያወራሉ። አባባ አገር ቤት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። አባ ኪዳኔ «በአባትዎ ማረሻ ነው እኮ እኛ ያረስን» ሲሏቸው አባባ ለመኩራት ይቃጣቸውና መልሰው ያፍራሉ።

ጆሮዬ ደኅና መሆኑ በታወቀ ሳምንት ሞራ ሪና እናቴን ጠርታ በአስተርጓሚ አነጋገረቻት። ዓይኗም ጆሮዋም ጤነኛ ከሆነ ችግሩ አእምሮዋ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ምናልባት ልዩ ክፍል ትገባለች አለቻት። እኔ ልዩ ሲሉ ሽልማት መስሎኝ ነበር። በሚኒባስ የሚኬድበት፣ ከትምህርት ቤታችን ውጭ ያለ ክፍል ነው ሲሉኝም ሚኒባሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቅኩ። እናቴ የዕቃ ማጠቢያው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። የጎረቤታችን ልጅ እንዲሁ ለአንድ ዓመት ነው ተብሎ ገብቶ በዚያው ቀርቷል፤ ጢም አቀምቅሞ እንኳ ስሙን ሲጽፍ ይቸገር ነበር።

በማግስቱ አባባ ያለ ሐኪም ቀጠሮ ወደ ከተማ ይዘውኝ ወረዱ።

«ምን አጠፋች ነው የሚሉ?» አሉ አባ ኪዳኔ ነገሩን ሲሰሙ።

«ምንም። አታይም፣ አትናገርም ነው የሚሉ። ሐኪሙ እኮ ታያለች ብሏል።»

አባ ኪዳኔ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ስምሽ ማነው?»

ስሜን ያውቁታል። ቢሆንም አቀርቅሬ፣ ለመንደሪኔ፣ «ስንዱ» አልኩት።

ሳቁ። «ይኸው! አቶ ታከለ፣ የልጅቱ በሽታ ይኸው ነው። እዚህ አገር ዓይን ለዓይን ያላየ ሰው ወይ ዋሽቷል፣ ወይ አእምሮው ጎድሏል ነው የሚሉ። እኔም እንደመጣሁ ፖሊስ ሲጠይቀኝ መሬት መሬት እያየሁ መከራዬን በላሁ።»

«ታዲያ ትልቅ ሰው ላይ ታፍጥጥ?»

«ታፍጥጥ እንጅ!»

«ማን ሊያስተምራት?» አሉ አባባ። «እኔው መች አይቸ አውቃለሁ?»

ጥቁር ለባሽ ሃይማኖተኛ አይሁዶች በችኮላ አለፉ። አንዲት መነኩሲት ከበሩ ወጥታ ለአባ ኪዳኔ እጅ ነሥታ ሄደች። ከዚያ አባ ኪዳኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መናገር ጀመሩ።

«እኔ ልጅ ሁኘ፣ የእናንተ ሰው ማረሻ ሊያስረክብ ሲመጣ እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር። ዓይናቸው ይበላሃል እያለች።»

ድብብቆሽ መስሎኝ ሳቅኩ። ሌላ የሳቀ የለም።

«አውቃለሁ» አሉ አባባ። «ያን አውቀን እኮ ነው እኛም መሬት መሬት የምናይ። ገበያ ስንወርድ አባቴ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ካየህ ፊትህን አዙር ይለኝ ነበር። ያ ልጅ ማታ ሆዱን ቢያመው የማን ዓይን ነው ሊባል?»

አባ ኪዳኔ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና ሙሉ ፊታቸውን ወደ አባባ መለሱ።

«እስቲ እኔን ይዩኝ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ይዩኝ። ለመምህሯ ከመሄድዎ በፊት በኔ ይልመዱ። ምንም አልሆንም።»

አባባ መጀመሪያ የመነኩሴውን ጫማ አዩ። ከዚያ ጉልበታቸውን፣ ከዚያ ጢማቸውን። ጢሙ ላይ ብዙ ቆዩ። ደግመው ወረዱ። አባ ኪዳኔ አልተጣደፉም፤ ፊታቸውን እንደያዙ ጠበቋቸው። በመጨረሻ አባባ ቀና አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ምንም ሳይነጋገሩ ሲተያዩ፣ እኔ መሐላቸው የተላጠ መንደሪን ይዤ ተቀምጫለሁ። ከሥር ሆኜ ሳያቸው የሁለቱም አገጭ ይንቀጠቀጣል። በርዷቸው ነው ብዬ መንደሪኑን ቶሎ ቶሎ በላሁ፣ እንድንሄድ።

«ይኸው» አሉ አባ ኪዳኔ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው እየጠረጉ። «ደኅና ነኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ መደቡ ላይ መሐላቸው ለእኔ ቦታ አልተረፈም። ተጠጋግተው መቀመጥ ጀመሩ፤ እኔ ጥጉ ላይ ቀረሁ። ምን እንዳጠፋሁ ስላልገባኝ በጣም ተከፍቼ ነበር።

ቤት ልምምድ ተጀመረ። አባባ ሶፋው ላይ ይቀመጡና «እንጎቻዬ፣ እዪኝ» ይሉኛል። እንጎቻ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ቀና ልል ስል አንገቴ እምቢ ይላል። «እሺ፣ ቅንድቤን እዪና ቀስ ብለሽ ውረጅ» ይሉኛል። ቅንድባቸው ላይ ስደርስ ሳቅ ያፍነኛል። እኔ ስስቅ እሳቸውም ይስቃሉ፣ ወዲያው ደግሞ ይቆጣሉ። «የሚያስቅ ነገር አይደለም! እናትሽ ታለቅሳለች» ይሉና እሳቸው ራሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። የኮሚቴው ቀን ሲደርስ ሁለታችንም ከቅንድብ አላለፍንም ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ነው የተሰበሰቡት። ርዕሰ መምህሩ አለ፣ ሞራ ሪና አለች፣ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች፣ አስተርጓሚዋም ጥጉ ላይ ተቀምጣለች። አባባ የሰንበት ኮታቸውን ለብሰው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ባለሙያዋ አንድ ሥዕል አሳየችኝና ምን እንደማይ ጠየቀችኝ። ሥዕሉን አንድ ጊዜ አይቼ ጨረስኩት፤ ዝናብ ላይ የቆመች ልጅ ናት። መልሱን ግን ለምንጣፉ ነው የነገርኩት። «ምን አለች?» አለች ባለሙያዋ። ሞራ ሪና «እዪን፣ ስንዱ፣ እባክሽን» አለች። ድምፅዋ የሚለምነኝ ይመስል ነበር። እኔ ይበልጥ አቀረቀርኩ። ባለሙያዋ መጻፍ ጀመረች።

ያኔ አባባ ተነሥተው ቆሙ።

«አንዴ ልናገር» አሏት አስተርጓሚዋን። ከዚያ እንደ መደቡ ላይ ከጫማ ሳይጀምሩ፣ ጢም ላይ ሳያርፉ፣ በቀጥታ ሞራ ሪናን አዩዋት።

«ልጅቱ የማታየዎ ስለምታከብረዎ ነው» አሉ። «ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ጥፋት እንደሆነ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም። እኔ ሰው እንዲህ ሳይ ገና ሁለተኛዬ ነው። ይኸው፣ እንዲያምኑኝ ብዬ እያየሁዎ ነው።»

አስተርጓሚዋ ስትተረጉም ድምፅዋ ተቆራረጠ። አባባ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘውታል፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ግን ከመምህርቴ ፊት አላወረዱትም። ሞራ ሪና ቀድማ አቀረቀረች። ከዚያ አባባ ወደ እኔ ዞረው በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ።

«እንጎቻዬ፣ ሥዕሉን ለኔ ንገሪኝ። ወዲህ እያየሽ።»

ያኔ አየኋቸው። ዓይናቸው ቡኒ ነው። ቡኒውን ዙሪያውን ሰማያዊ ቀለበት ከቦታል። ሲያረጁ የሚመጣ ነገር መሆኑን ያወቅኩት አድጌ ነው። ያን ቀን የመሰለኝ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስላልተጠቀሙበት አዲስ እንደሆነ የቆየ ነው። እሱን ቀለበት እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጅቱ ዣንጥላዋን አውቶቡስ ላይ ረስታለች አልኩ፣ ዝናብ ላይ የቆመችው ሾፌሩ ይመልስልኛል ብላ ነው አልኩ፣ እናቷ ሥራ ላይ ናት አልኩ። በዕብራይስጥ ነበር፣ ጮክ ብዬ። አባባ ብዙውን አልተረዱም። አውቶቡስ ላይ እንደሚያደርጉት ግን፣ ልክ መሆኔን እንደሚያውቅ ሰው፣ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ልዩ ክፍል አልገባሁም። በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ሞራ ሪና ጥያቄ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ከፊቴ አልቆመችም። ጠረጴዛዬ ሥር ቁጢጥ አለች፤ ቀሚስዋ ወለሉን ነካ። መሬቱን ለማየት ባቀረቅር እሷ ነበረች እዚያ።

«የሚቀጥለው!» አለች አንዲት ሴት። ወረፋው ደርሶኛል። መታወቂያዬን ተቀብላ ከፎቶው ጋር ልታስተያየኝ «እዪኝ» አለችኝ፣ በዚያው በዕብራይስጥ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ። ሳላስበው ቀና አልኩ። ድምፄን ሰጥቼ ስወጣ ያቺን ትንሽ ወንበር ደግሜ አየኋት፤ ዓረፍተ ነገሯም እንደልማዷ አፌ ላይ መጣች። «የማላይሽ ስለማከብርሽ ነው።» ዕብራይስጥዋ ጥርት ያለ ነው። የዛሬ አእምሮዬን ይዤ ብመለስ በመጀመሪያው ቀን ተናግሬያት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ያልቅ ነበር። የዓይን ሐኪም የለ፣ የጆሮ ሐኪም የለ፣ አባባም ያን ክረምት መደቡ ላይ ቀና አይሉም፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮም አይቆሙም ነበር። ዛሬ አባባ ካረፉ ቆይተዋል። እናቴ ቤት ያሉት ፎቶዎቻቸው፣ የልደት በለው የሠርግ፣ ሁሉም ላይ አቀርቅረው መሬት መሬት ያያሉ። የልጅ ልጆቻቸው ዓይናቸው ምን ዓይነት እንደነበር ሲጠይቁ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። ያን ክረምት ያቺን ዓረፍተ ነገር አውቄያት ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ዓይናቸውን ሳላየው ነበር የምቀብራቸው።